ወንድሜ ያመጣው ባትሪ

ስሜ ሰናይት ነው። የአባቴን ስም አልጽፍም፤ የእኔ ብቻ ሳይሆን የወንድሜም ነውና። እዚህ ሐዋሳ የሚያውቁን ያውቁናል። ለማያውቁን ታሪኩ ይበቃቸዋል።

ሐይቁ ዳር፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ባትሪ እሞላለሁ። ድሮ ድሮ ሴት ልጅ ባትሪ ቤት ውስጥ ሲያዩ ሰዎች ይገርማቸው ነበር፤ አሁን ለምደውኛል። የባጃጁም፣ የሞተር ብስክሌቱም፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጎህ ሳይቀድ መረባቸውን የሚያዩበት የመብራቱም ባትሪ እኔ ጋ ይመጣል። ውሃው የጎደለውን እሞላለሁ፤ ፖሉ፣ ሽቦው የሚታሰርበት ጫፍ፣ የዛገውን በሙቅ ውሃና በሶዳ አጥባለሁ፤ ከዚያ ቻርጅ ላይ አደርገዋለሁ። አሲድ ያልበሳው ቀሚስ የለኝም።

ሥራውን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው። እናታችን ስታርፍ እኔ ገና ፊደል አልጨረስኩም ነበር። አባታችንን አላስታውሰውም። ወንድሜ ትምህርቱን አቋርጦ ጋራዥ ተቀጠረና አሳደገኝ። ፀጉሬን ሳይቀር የሚሠራኝ እሱ ነበር፤ ግሪስ ግሪስ በሚሸቱ ጣቶቹ ጎንጉኖኝ ትምህርት ቤት በር ድረስ ይሸኘኛል። ስሙን ጠርቼው አላውቅም፤ ወንድምዓለም ነው የምለው። በኋላ ፒያሳ ላይ ባትሪና የመኪና ዕቃ መሸጫ ከፈተ፤ ትዳር ያዘ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ቃላቸው ከሚሰማ ሰዎች አንዱ ሆነ። ባልና ሚስት ሲጣሉ «እሱን ጥሩት» ይባላል። የታመመ ሲኖር እሱ እንዲጸልይለት ይፈለጋል። እኔም የእሱ እህት በመሆኔ ብቻ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ ሰላም ይለኝ ነበር። ያ ክብር የራሴ ይመስለኝ ነበር።

ከደንበኞቼ አንዱ ጋሽ ዱካሞ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሐይቁ ላይ የጨረሱ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ቀኝ ትከሻቸው ታሞ መቅዘፍ ሲያቅታቸው ልጆቻቸው ተዋጥተው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ገዙላቸው። ቤንዚን እንደ ልብ በማይገኝበት በዚህ ጊዜ ያልቀናባቸው አልነበረም። ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው። «መምጣቴን ዓሣው ራሱ አያውቅም» እያሉ ይስቁ ነበር። ከሐይቅ ሲመለሱ ባትሪውን እኔ ጋ ትተው ይሄዳሉ፤ በማግስቱ ማለዳ ሞልቼ እጠብቃቸዋለሁ።

ውሎ አድሮ ያ ባትሪ አረጀ። ቻርጅ አልይዝ አለ።

«ጋሽ ዱካሞ፣ ይሄ ከእንግዲህ አያዋጣዎትም» አልኳቸው። «አንድ ቀን መሐል ሐይቅ ላይ ያቆምዎታል።»

«ታዲያ የት ሄጄ ልግዛ? በዚህ ዘመን ዕቃ ማን ይታመናል?»

«ወንድሜ አዲስ ባትሪ አስገብቷል። ከእሱ አመጣልዎታለሁ።»

«የእሱ ከሆነማ ጨረስን!» አሉ።

ወንድሜ በራሱ መኪና ሁለት ባትሪ አመጣልኝ። ራሱ ተሸክሞ አስገብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ስቲከሩ ያብረቀርቃል፤ ፖሉ ላይ ጭረት አልነበረም። በቴስተር ለካሁት፤ ሙሉ አለኝ። ቴስተር ግን መሙላቱን እንጂ ምን ያህል እንደሚቆይ አያሳይም። የሌላ ሰው ዕቃ ቢሆን ትልቁን አምፖል አገናኝቼ እስኪደክም ድረስ እፈትነው ነበር። የወንድሜን ዕቃ መፈተን ግን እሱን እንደ መጠርጠር ሆነብኝ።

በማግስቱ ጋሽ ዱካሞ በማለዳ መጡ። አዲሱን ባትሪ በግራ እጃቸው ብድግ አድርገው ደረታቸው ላይ አስጠጉትና ቆም አሉ።

«ሰናይት፣ ጉልበቴ ተመለሰ መሰለኝ። ይሄ ከድሮው ቀለለኝ።»

«አዲስ ነዋ! የዘንድሮ ዕቃ ሁሉ ቀላል ነው» አልኳቸው።

ሁለታችንም ሳቅን። ጀልባቸው ድረስ ሸኘኋቸው፤ ገመዱን ፈታሁላቸው። ያለ ድምፅ ከዳር ራቁ።

ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው የሐይቋን ጠባይ ያውቃል። ጠዋት እንደ መስታወት ትተኛለች። ከቀትር በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ግን ሌላ ናት፤ ትንንሾቹን ጀልባዎች ታንገላታለች። ስለዚህ አጥማጆቹ ከምሳ በፊት ተጠቃልለው ይወጣሉ። የዚያን ቀን ሁሉም ወጡ። ጋሽ ዱካሞ አልወጡም።

ባለቤታቸው እትዬ ብርቱካን ገበያው ውስጥ ዓሣ ያጸዳሉ። ባዶ ሳፋቸውን ይዘው ሱቄ በር ላይ ቆሙ።

«ሰናይት፣ ሰውዬው እዚህ አልመጣም?»

«አልመጡም እትዬ። ስልካቸውስ?»

«ዝግ ነው። ሁልጊዜም ውሃ ይነካዋል ብሎ ያጠፋዋል» አሉና ወደ ሐይቁ ዞሩ። ሞገዱ ነጭ ነጭ ማለት ጀምሮ ነበር። «ከዚህ በፊት ንፋስ አግኝቶት አያውቅም» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው።

አብረን ወደ ዳር ወረድን። የአጥማጆቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ማቴዎስ ወሬውን ሰምቶ ባለ ቤንዚን ሞተር ጀልባ አስነሳና ሁለት ሰው ይዞ ወጣ። እኛ ቆመን ቀረን። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው እትዬ ብርቱካንን ከበቧቸው። አንዷ መዝሙር ጀመረች፤ እትዬ ብርቱካን በእጃቸው ዝም አሰኟት። «ገና አልሞተም» አሏት።

ማቴዎስ ሲመለስ ጋሽ ዱካሞ አብረውት አልነበሩም።

«መረቡ ተነስቷል» አለ ከጀልባው ሳይወርድ። «ዓሣውን አውጥቶ ወደዚህ መንገድ ጀምሯል ማለት ነው። በመንገዱ ላይ ግን የለም።»

«ንፋሱ ወስዶት ቢሆንስ?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ሞተር ያለው ሰውዬ እኮ ነው! አዲስ ባትሪ ገዝቷል፣ ራሱ ዛሬ ጠዋት ነግሮኛል። ሞተር እያለው ንፋስ ወዴት ይወስደዋል? ተገልብጦ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዋናተኞች ይጠሩ። ከመረቡ እስከዚህ ያለውን ውሃ እንፈልግ።»

እትዬ ብርቱካን መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አልጮሁም። ሳፋቸውን አቅፈው ቁጭ አሉ።

«ይሄ ከድሮው ቀለለኝ» ያሉት የጋሽ ዱካሞ ድምፅ ግን ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ማንንም ሳላናግር ወደ ሱቄ ሮጥኩ።

ሁለተኛው ባትሪ እንደተቀመጠ ነው። ብድግ አደረግኩት። ባትሪ እንዲከብድ የሚያደርገው ውስጡ ያለው እርሳስ ነው፤ ይህን የማላውቅ ሰው አይደለሁም። እጄ ላይ እንደ ባዶ ጀሪካን ሆነብኝ። በቴስተር ለካሁት፤ ሙሉ። ትልቁን አምፖል አገናኘሁት፤ ቦግ አለና ወዲያው ቀላ፤ ከዚያ ጠፋ። ስቲከሩን በጥፍሬ ፋቅኩት። ከሥሩ ሌላ ስቲከር ነበር፤ የደበዘዘ፣ አሲድ የበላው፣ የሌላ ፋብሪካ። ክዳኑን ፈልቅቄ ሳየው በየክፍሉ መኖር ከነበረበት የእርሳስ ፕሌት ግማሹ የለም። በተጣለ ባትሪ ቀፎ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ብቻ አስቀርተው፣ አሲድ ሞልተው፣ አጥበው፣ አዲስ ልብስ አልብሰውታል። ይህ ባትሪ መረቡ ድረስ ያደርስ ይሆናል። አይመልስም።

እጄን ሳልታጠብ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«ወንድምዓለም፣ ያመጣህልኝ ባትሪ ከየት ነው?»

«ምነው? ከአስመጪ ነዋ።»

«ከፍቼዋለሁ።»

በስልኩ ውስጥ የፒያሳ መኪኖች ጥሩምባ ይሰማኛል። «ምናለ ሠራተኛዬ ተሳስቶ ነው ቢለኝ» ብዬ ጠበቅኩ። «ሌሎች አታለውኝ ነው» ቢለኝ በደስታ አምነው ነበር።

«ለምን ትከፍቺዋለሽ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ላይ የተከራየው መጋዘን፣ «ዕቃ ማስቀመጫ ነው» እያለ አንድም ቀን ያላሳየኝ ቦታ፣ ትዝ አለኝ።

«ጋሽ ዱካሞ በዚያ ባትሪ ሐይቅ ገብተው አልተመለሱም» አልኩት።

ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረ። «ስሚኝ ሰኒ። የሆነው ሆኗል። ንፋስ ነው ይባላል፣ ንፋስም ነው። ምንም ብትናገሪ ሰውየውን አትመልሺውም። እኔ ልጆች አሉኝ። የእናታችንን ስም አስቢ። ያንን ባትሪ ጨርቅ አልብሰሽ አስቀምጪው፣ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«ወንድምዓለም…»

«ማን ነው ያሳደገሽ?» አለኝ።

በሕይወቴ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስልኩን ዘጋሁ። ባትሪው አጠገብ ቆምኩ። ውጭ ንፋሱ ቆርቆሮውን ያንጓጓዋል። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ግን ቆሜያለሁ። ጨርቁንም አንስቼ ይዤ ነበር። ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል።

ያነቃኝ የማቴዎስ ቃል ነው፤ «ሞተር ያለው ሰውዬ እኮ ነው!» ያለው። እነሱ የሚፈልጉት ሬሳ ነበር፤ በመንገዱ ላይ፣ ከውሃው ሥር። ሞተር እንደሌላቸው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሞተር ከሌላቸውና መቅዘፍ ካልቻሉ ደግሞ ንፋሱ እየነዳ ወደ ማዶ ይወስዳቸዋል፤ በሕይወትም ሊኖሩ ይችላሉ። እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር የሚፈልጋቸው ሰው ሁሉ በተሳሳተ ቦታ ላይ ነው።

ባትሪውን አቅፌ ሮጥኩ። አሲዱ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ሰዉ መሐል አስቀመጥኩት።

«ማቴዎስ፣ አልተገለበጡ ይሆናል» አልኩ። «ባትሪው አስመሳይ ነው። ይኸው መንታው። ሲመለሱ መንገድ ላይ ሞቶባቸዋል። ንፋሱ ወደሚሄድበት ፈልጓቸው።»

ማቴዎስ ጎንበስ ብሎ የተፋቀውን ስቲከር አየ። «ይሄን ማን ሸጠለት?»

«እኔ።»

«አንቺስ ከየት አመጣሽው?»

ሰዉ ሁሉ መልሱን የሚያውቅ መሰለኝ።

«ከወንድሜ» አልኩ።

የሆነች ሴት «ወይ ጌታ!» አለች። ሌላዋ «እህትና ወንድም አብረው እየበሉ!» ስትል ሰማሁ። ከኋላዬ ማን እንደሆነ ያላየሁት ሰው ትከሻዬን ገፋ አደረገኝ። እትዬ ብርቱካን ከመሬት ተነሱ። የሚመቱኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ቢመቱኝም ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን አልፈውኝ ማቴዎስን ክንዱን ያዙት።

«ምን ትቆማለህ? ልጅቷ ወዴት እንደሄደ ነገረችህ እኮ! ሂድ!» አሉት።

ሁለት ጀልባዎች ወጡ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ረጅም ነገር አላየሁም። ማንም አጠገቤ አልቆመም፤ ሰዉ ከእኔ በትንሹ ራቅ ብሎ፣ ዙሪያዬን ባዶ አድርጎ ቆመ። እትዬ ብርቱካን ብቻ ደረቴን አይተው «አሲዱን ታጠቢ» አሉኝ፤ ፊቴን ሳያዩ።

ታጥቤ ስመለስ የወንድሜ መኪና ደረሰች። ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ወረደ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት፤ ከልማድ ይመስለኛል። ባትሪውን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ወገኖቼ» አለ፤ «ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው። ግን ይህ ዕቃ ከእኔ ሱቅ የወጣ አይደለም። እህቴ ናት፣ እወዳታለሁ፣ አሳድጌያታለሁ። ሰው ይሳሳታል። አሮጌ ባትሪ ከየትም ሰብስባ ይሆናል። እኔ አላውቅም።»

በሰዉ ፊት እኔን ከሰሰ ብላችሁ አትዘኑልኝ፤ ያቃጠለኝ እሱ አይደለም። ድምፁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለታመሙ ሲጸልይ የምሰማው፣ ለስላሳው፣ የማይቸኩለው ድምፅ ነበር። ያንን ድምፅ ሰምቼ ስንት ጊዜ አልቅሻለሁ። ስለ እሱ አፈርኩ፤ እንዲህ ማፈር እንዳለ አላውቅም ነበር። የራስን ጥፋት ሰው ይሸፍነዋል ወይ ይናዘዘዋል። የሚወዱት ሰው በአደባባይ ሲራቆት ግን በምን ይሸፍኑታል? ጎንበስ ብዬ የራሴን እግር አየሁ።

«ቆይ ይምጡ» አለ ያ ሽማግሌ ብቻ። «ሐይቁ ይናገር።»

ጀልባዎቹ ሲመለሱ ፀሐይዋ ወደ ማዶ ዘንበል ብላ ስለነበር መጀመሪያ ጥላ ብቻ ነበር የሚታየን። ከኋላቸው የሚጎተት ጀልባ አየን። እትዬ ብርቱካን እስከ ጉልበታቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። ከዚያ ማቴዎስ እጁን ከፍ አደረገና «አለ! አለ!» እያለ ጮኸ።

ጋሽ ዱካሞ በማዶው ቄጠማ ውስጥ ነበር የተገኙት። ንፋሱ ጎትቶ ወስዶ እዚያ ሰክቷቸዋል። ውሃ በጀልባው ውስጥ እየሞላ ሲመጣ በአንድ እጃቸው ሲቀዱ ውለዋል። ጉማሬዎቹ ከእሳቸው ብዙም ሳይርቁ ነበሩ። ጋሽ ዱካሞ እነሱን ስለፈሩ አልጮሁም። መንገደኛ ጀልባም አላለፈም። ማቴዎስ በኋላ እንደነገረን፣ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ጀልባው ይሰምጥ ነበር።

ደግፈው ሲያወርዷቸው ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሚስታቸው ነጠላቸውን አለበሷቸው። ሰዉ ይስቃል፣ ያለቅሳል። እሳቸው ግን ዓይናቸው እየዞረ አንድ ሰው ይፈልግ ነበር። አገኙኝና በጣታቸው ጠሩኝ። ቀረብኩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። «አትቀየሚኝ። ውሃው ሲበዛብኝ ጀልባው እንዲቀልልኝ ብዬ ባትሪሽን ጣልኩት። አዲሱን ባትሪ። ሌላ የምጥለው ነገር አልነበረኝም። የወንድምሽ ዕቃ ነው፣ ጥሩ ዕቃ ነው እያልኩ… ለወንድምሽም ንገሪልኝ፤ ወድጄ አይደለም።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ወንድሜ ዞረ። ወንድሜ እዚያው፣ ከእኛ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ነበርና እያንዳንዷን ቃል ሰማ። ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ እንደ አመድ ሆኗል። አንድ እርምጃ ወደ እኛ መጣ፤ የሚናገር መሰለኝ። ከዚያ ዞረ። መኪናውን እንኳ ሳያስነሳ በእግሩ ወደ ከተማ ሄደ።

እኔ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ የጋሽ ዱካሞን እርጥብ እግር ያዝኩ። «እኔ ነኝ የበደልኩዎት» ልላቸው ፈለግኩ፤ ልቅሶው ከለከለኝ። እሳቸው ምንም ስላላወቁ ጭንቅላቴን እየዳበሱ «ባትሪ እኮ ነው፣ ባትሪ እኮ ነው» ይሉኝ ነበር።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች ይዞ ሄዶ ጋሽ ዱካሞን እግራቸው ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅር አሉት። የሸጣቸውን ባትሪዎች ሁሉ መልሶ ሰበሰበ። የቱላው መጋዘን ተዘጋ። ቤተ ክርስቲያን አሁን ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። ከእኔ ጋር ግን አይነጋገርም። ባለፈው ፒያሳ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን፤ መንገድ ተሻገረ። በቅሬታ አይመስለኝም። እሱም እኔን ሲያይ ያፍራል፤ እኔም እሱን ሳይ አፍራለሁ። ሁለት የተፋፈሩ ሰዎች እንዴት እንደሚታረቁ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ለተጣላ ሽማግሌ ይላካል፤ ለተፋፈረ ማን ይላካል?

አንዳንድ ሰዎች «ጀግና ነሽ፣ ወንድምሽን አጋልጠሽ ሰው አዳንሽ» ይሉኛል። እንዲህ ሲሉኝ ከፊታቸው መሸሽ እፈልጋለሁ። ስልክ ደውዬ ስለቆምኩባት ጊዜ አያውቁም። እናንተ ግን አሁን አወቃችሁ። ሌላም ያልነገርኳቸው አለ፤ ፀጉሬን የጎነጎኑት ጣቶች ናቸው ያንን ስቲከር የለጠፉት፤ አንዱን ትቼ ሌላውን መጥላት አልቻልኩም። ይህን የምታነቡ፣ ስለ ሰው ቶሎ አትፍረዱ የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቁ። መፍረድ ነበረብኝ። መፈተን ነበረብኝ። የምወደው ሰው ዕቃ ስለሆነ አምፖሉን ሳላገናኝ ቀረሁ፤ ያ ፍቅር አንድ ሰው በሐይቅ ሊያስበላ ነበር። አሁን ሱቄ የሚገባ ማንኛውም ባትሪ፣ የማንም ይሁን የማን፣ አምፖሉ ላይ ሳይውል አይወጣም።

ይህን የሚያይ ደንበኛ ግን ለብዙ ጊዜ አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ሱቄ ባዶ ሆነ። ሰው አይሰድበኝም፤ ዝም ብሎ በበሬ ያልፋል። መዝጋት እንዳለብኝ እያሰብኩ ሳለ አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ብርቱካን ገቡ። የቤታቸውን የመብራት ባትሪ በፌስታል ይዘዋል። ጋሽ ዱካሞ ሳል ስላልለቀቃቸው ሐይቅ መግባት እንዳቆሙ ነገሩኝ። ሞተሩን ልጆቹ ሸጡት አሉ።

«ይሄን ሙዪልኝ» አሉኝ።

ተቀበልኳቸው። ፖሉን ጠርጌ ቻርጁ ላይ አደረግኩት።

«ከሰዓት ይደርሳል እትዬ» አልኳቸው። «ትተውልኝ ይሂዱ፣ ቤት ድረስ አመጣልዎታለሁ።»

ባትሪውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም።

«ግድ የለም ልጄ» አሉኝ። «እዚሁ ሆኜ እጠብቀዋለሁ።»

በርጩማዬን አቀረብኩላቸው። ገበያቸውን ትተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ባትሪው እስኪሞላ ድረስ ከፊቱ ዞር ሳይሉ ተቀመጡ።